የታይሮይድ ኪኒንና የጠዋት ቡና

ታይሮይዳችሁ ዝቅ ብሏል ተብላችሁ ሌቮታይሮክሲን ለጀመራችሁ፣ ደም ማነስም አለ ተብሎ አይረን ለተጨመረላችሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትውጡ። አይረንና ካልሲየም ኪኒኑን ሆድ ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም በደንብ አይገባም፣ ቡናም እንደዛው ይቀንሰዋል፣ ወሎ ውስጥ ደግሞ ያለ ቡና ማን ቀኑን ይጀምራል?

እኔ ማታ አንዷን ፍሬ ከብርጭቆ ውሃ ጋር ራስጌዬ አስቀምጣለሁ፣ የሱብሒ አዛን ሲሰማ (ደሴ ላይ ቅዳሴውም ይቀሰቅሳል፣ በፈለጋችሁት ተነሱ) በባዶ ሆዴ ውጬ ተመልሼ እተኛለሁ፣ አቦሉ እስኪቀርብ ከ1 ሰዓት በላይ ስለሚያልፍ ሳልሳቀቅ እጠጣለሁ። አይረኑን ወደ ምሳ ሰዓት ገፋሁት፣ ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል፣ እሱንም ከቡና አርቁት ምክንያቱም ቡና አይረንንም ይከለክላል።

ባዮቲን ያለበት የፀጉር ቫይታሚን የምትወስዱ ደግሞ የታይሮይድ ምርመራ ከማድረጋችሁ 2 ቀን በፊት አቁሙት፣ ውጤቱን ያዛባል።

ይሄ ታይሮይዳቸው ከፍ ላለባቸው አይሆንም፣ የነሱ መድኃኒት ሌላ ነው። ረመዳን ላይም ሰዓቱ ስለሚቀየር ቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።