ሴቶች የሠሯቸውን የዓለም ፊልሞች ለማየት ከየት እንጀምር?

«ምርጥ መቶ» የሚሉትን ዝርዝሮች ለጊዜው ተዉአቸው። በዝርዝር የጀመረ ሰው ሦስተኛው ፊልም ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እኔንማ ሁለተኛው ላይ ነው የወሰደኝ። ይልቅ ጆሯችሁ ከሚያውቀው ነገር ጀምሩ።

ለእኛ ሰው የናዲን ላባኪ «ቅፍርናሆም» ጥሩ መግቢያ ነው፣ የ2018 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። ላባኪ ሊባኖሳዊት ናት፣ ታሪኩም ቤይሩት ነው። ግን መሃል ላይ ራሔል የምትባል ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ ትመጣለች። ወረቀት የላትም፣ ሕፃን ልጇን የምትሠራበት ቦታ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ትደብቀዋለች። የምትጫወተው ዮርዳኖስ ሽፈራው ናት፤ አማርኛዋን ስትሰሙ ሰብታይትሉን ትረሱታላችሁ። ራሔል ከተያዘች በኋላ ዘይን የሚባለው ልጅ ከስኬትቦርድና ከድስት ጋሪ መሰል ነገር ሠርቶ ሕፃኑን በየመንገዱ ይጎትታል። ሶፍት አዘጋጁ።

ቀጥሎ የሃይፋ አል-መንሱር «ወጅዳ» (2012)። ሙሉ በሙሉ ሳዑዲ ውስጥ የተቀረፀ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። ዳይሬክተሯ ያኔ ሪያድ መንገድ ላይ ከወንዶች ጋር በግልጽ መሥራት ስለማትችል፣ አንዳንዱን ቀረፃ መኪና ውስጥ ተቀምጣ በሬዲዮ መገናኛ ነው የመራችው። ታሪኩ ቀላል ነው፦ አንዲት ልጅ አረንጓዴ ብስክሌት ያምራታል፣ መግዣውን ለማግኘት የቁርኣን ውድድር ትገባለች። ሳዑዲ ሠርታ የተመለሰች እህት ወይም አክስት ካለቻችሁ አብራችሁ እዩት። ሰብታይትሉ የዘለለውን እሷ ትነግራችኋለች፣ በየመሃሉም ፊልሙን አስቁማ የራሷን ታወራላችኋለች። አትቆጡ፣ እሱም አብሮ ይታያል።

ታሪክ ሲሰለቻችሁ የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» (2021) አለ። ሐረር፣ ጫት፣ ጥቁርና ነጭ ምስል። በስልክ ግን አትዩት፣ ይበላሻል።

ስትፈልጉ ደግሞ በፊልሙ ርዕስ ሳይሆን በዳይሬክተሯ ስም ፈልጉ። ርዕስ አገር ሲቀይር ስሙም ይቀየራል፣ በስሟ ከገባችሁ ግን ሌሎች ሥራዎቿም አብረው ይወጡላችኋል።

ከባዱን መጨረሻ ላይ አድርጉት። የቤልጂየማዊቷ ሻንታል አኬርማን «ዣን ዲየልማን» (1975) 201 ደቂቃ ነው። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ2022 የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞችን ሃያሲያንን ሲያስመርጥ አንደኛ የወጣው እሱ ነው፤ በሴት የተሠራ ፊልም እዚያ ደረጃ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር። ይህን ሰምቶ በጉጉት የከፈተ ሰው ግን ብራስልስ ውስጥ አንዲት ሴት ድንች ስትልጥ ያያል። ካሜራው አይንቀሳቀስም። ይደብራል፣ አልዋሽም። መላው ይኸው፦ ፊልሙ የሚተርከው ሦስት ቀን ነው፣ እናንተም በሦስት ማታ ከፍላችሁ እዩት። የሲኒማ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፣ ይቆጡ። የመጀመሪያው ማታ እጆቿን ብቻ ተከተሉ፦ መብራት ታጠፋለች፣ በር ትዘጋለች፣ ሁሉም በቦታው ነው። በሁለተኛው ቀን ድንቹ ከመጠን በላይ ይበስልባታል፤ ድስቱን ይዛ የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት ቤት ውስጥ ትንከራተታለች። እዚያ ላይ ልባችሁ ከመታ ሦስተኛውን ማታ አትጠብቁ፣ ቀጥሉ።