የይለፍ ቃል ተቀይሮም ኢሜይሉ እምቢ ሲል

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ባለው የትራንዚት ቢሮአችን፣ ለሒሳብ ክፍሉ የሚላኩ የደንበኞች የኢሜይል መልሶች መግባት አቆሙ። ደንበኞች ደግሞ ሲደውሉ «አዲስ የባንክ ቁጥር ልካችሁልን የለ እንዴ?» ይላሉ። የይለፍ ቃሉን ቀየርን፣ ኮምፒውተሩን በዲፌንደር (የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ) ሙሉ ስካን አደረግን፤ ወይ ፍንክች።

የኢሜይል ፕሮግራማችንን አውትሉክን በብራውዘር ከፍተን፣ ሴቲንግ ውስጥ «ሩልስ» (የሚገቡ ኢሜይሎችን በራሳቸው የሚያስተናግዱ ትእዛዞች) የሚለውን ስናይ ነው ጉዱ የወጣው። አካውንታችን ውስጥ ገብቶ በስማችን የሐሰት የባንክ ቁጥር የሚልክ አጭበርባሪ ያስቀመጣት፣ ስሟ አንዲት ነጥብ ብቻ የሆነች ሩል «ኢንቮይስ» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ እንደተነበበ አድርጋ «አርኤስኤስ ፊድስ» ፎልደር ውስጥ ትከታለች። እሱን ፎልደር ማን ከፍቶት ያውቃል! የይለፍ ቃል መቀየር ሩል አያጠፋም።

ሩሏን ሰረዝን፤ ከማይክሮሶፍት 365 አድሚን ገጽ አካውንቱን ከሁሉም መሣሪያ አስወጣን፤ ከዚያ የይለፍ ቃሉን እንደገና ቀይረን በኦተንቲኬተር (መግባትን በስልክ የሚያረጋግጥ አፕ) ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አበራን። መልሶቹ መግባት ጀመሩ። ደንበኞችም የባንክ ቁጥር ተቀየረ የሚል ኢሜይል ሲደርሳቸው፣ ኢሜይሉ ላይ ባለው ሳይሆን በሚያውቁት ስልክ እንዲደውሉልን ነግረናቸዋል።