ተማሪዎችን ይዞ ጁገልን መጎብኘት፦ ለተለማማጅ መምህራን

ልጆች በጉብኝት ቀን የሚረብሹት አብዛኛውን ጊዜ ሲጠብቁ ነው፤ ትኬት እስኪቆረጥ፣ አስጎብኚው እስኪደርስ፣ አንዱ ከሽንት ቤት እስኪመለስ። ይህን የተረዳሁት በልምምድ ማስተማር ላይ ሳለሁ ሐረር ውስጥ ነው። ስለዚህ ዝግጅታችሁን በእነዚህ ባዶ ደቂቃዎች ዙሪያ አድርጉት።

መጀመሪያ መንገዱን ያለ ልጆች ሂዱበት። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር ጥንታዊ ከተማ፣ መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ጭነት የያዘ አህያ ሲመጣ ልጆቹ ግድግዳ ካልተጠጉ አያልፍም። ጥላ ያለበትን መቆሚያ፣ ሽንት ቤቱንና ጠባቡን ቦታ ጻፉ።

በዋዜማው ደንቡን ከልጆቹ ጋር አውጡ። «አትረብሹ» ማለት ለልጅ ምንም አይነግረውም። ሦስት ይበቃሉ፦ ከጥንድህ አትለይ፤ «ቁም» ሲባል ግድግዳ ተጠጋ፤ ሰው ደጃፍ ስትደርስ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ከዚያ ግቢ ውስጥ እየሮጡ ሳለ «ቁም» በሉና አለማምዷቸው።

40 ልጆች ካሉ በስምንት በስምንት ከፍላችሁ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አዋቂ መድቡ፤ ወላጆችን ጠይቁ፣ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። ለአምስቱ ቡድኖች የግንቡን የጥንት በሮች ስም ስጧቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። በጣም የሚቁነጠነጠውን ልጅ የቡድኑ ቆጣሪ አድርጉት።

እኔ ያኔ ከፊት ነበርኩ። የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ስሙን ባወጣለት «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ አልፈን ስቆጥር ሁለት ልጆች ጎደሉ። እየሮጥኩ ብመለስ አንድ ልብስ ሰፊ ፊት ቆመው መርፌዋ ስትወጣና ስትወርድ አፍጥጠው ያያሉ። ባለጌዎች አልነበሩም፤ እኔ ሳላያቸው ያለፍኩትን ነገር እያዩ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ አዋቂ ሁልጊዜ ከኋላ ይሄዳል፣ በየመቆሚያው ስንደርስም ስንነሳም እንቆጥራለን። እዚያ ስፍራም ሆን ብለን አምስት ደቂቃ እንቆማለን።

ትልቁ ግርግር የሚነሳው የሐረሪ ባህላዊ ቤት ስትገቡ ነው። ጫማ ይወለቃል፤ 80 ጫማ ደጃፍ ላይ ሲከመር መገፋፋቱና ለቅሶው ይታያችሁ። እያንዳንዱ ጥንድ አራቱን ጫማ በአንድ ፌስታል ይክተት። በየቡድኑ ተራ አስገቡ፤ ውጭ የቀሩት በሩን በደብተራቸው ይሳሉ። የገቡት ደግሞ ነደባ የሚባሉትን ከፍ ከፍ ያሉ መቀመጫዎች ይቁጠሩና ማን የት እንደሚቀመጥ የቤቱን እመቤት ይጠይቁ።

ልጅ ሲያጠፋ ከሩቅ አትጩኹበት። ተጠጉት፣ በርከክ በሉ፣ በስሙ ጥሩትና የሚያደርገውን ንገሩት። ካልሰማ እስከሚቀጥለው መቆሚያ ከእናንተ ጋር ይሂድ፤ እዚያ ሲደርስ ግን የግድ ወደ ጥንዱ ይመለስ። «ወደ ቤት እልክሃለሁ» አትበሉ፤ አታደርጉትም፣ እሱም ያውቃል። ለቅጣት ብሎ ልጅን ብቻውን ማቆም በእነዚህ መንገዶች ፈጽሞ አይሆንም።

ማታ ስትመለሱ የደከመ ልጅ ይነጫነጫል፤ ውኃና ዳቦ ለዚህ ሰዓት አስቀሩ። አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት ቆጣሪዎቹ በየቡድናቸው ይቁጠሩ፣ እናንተም በራሳችሁ ዓይን አንድ በአንድ ቁጠሩ።