ሰብል ክሽክሽን እንዲቋቋም የባክቴሪያ ፕሮቲን ሲረጭ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ሃርፒን የተባለው ፕሮቲን የተገኘው ኤርዊኒያ አሚሎቮራ ከተባለ፣ የፖምና የፒር ዛፎችን እሳት የለበለባቸው እስኪመስሉ ከሚያደርቅ ባክቴሪያ ነው። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግኝታቸውን በ1992 እ.ኤ.አ. አሳተሙ፤ በ2000 ደግሞ በአገሪቱ ለእርሻ አገልግሎት ተፈቀደ። ተክሉ ፕሮቲኑን ቅጠሉ ላይ ሲያገኘው ጠላት እንደ መጣበት ቆጥሮ መከላከያውን ያዘጋጃል። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አጠቃቀሙ ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት እንደ መርዝ መቁጠሩ ነው። በረጩ ማግስት ቅጠሉን ገልብጠው ክሽክሹ (የተክል ፈሳሽ የሚመጥጠው ጥቃቅን ተባይ፣ አፊድ) ተቃቅፎ እንደ ተቀመጠ ያያሉ፤ “አልሠራም” ብለው መጠኑን ያበዛሉ፣ ወይም ያገኙትን ኬሚካል ይደርቡበታል። ሃርፒን ግን ክሽክሽ አይገድልም። ክሽክሽ መርፌ መሳይ አፉን በሕዋሶች መካከል አሾልኮ፣ ተክሉ ስኳር ከሚያመላልስባቸው ቧንቧዎች ፈሳሹን ይመጥጣል። አራቢዶፕሲስ በተባለች፣ ለቤተ ሙከራ በምታገለግል ትንሽ ተክል ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሃርፒን ኤትሊን የተባለውን የተክል ሆርሞን የመልእክት መንገድ ቀስቅሶ ይህን መምጠጥ ያውከዋል፤ በደንብ ያልጠገበች ክሽክሽ ደግሞ ጥቂት ትወልዳለች። እናቲቱ ያለ ወንድ የምትወልድ፣ ልጆቿም ምቹ ሙቀት ካገኙ በሳምንት ገደማ የሚወልዱ በመሆናቸው፣ በአንዲት እናት ላይ የታየ ትንሽ ቅናሽ ከሳምንታት በኋላ ትልቅ ልዩነት ይሆናል። ስለዚህ የሚቆጠረው የሞተው ሳይሆን የተወለደው ነው።

ከዚሁ የሚወለደው ሁለተኛ ስህተት መዘግየት ነው። ተክሉ መከላከያውን ለማደራጀት ቀናት ያስፈልጉታል። ቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ የክሽክሹ ማር መሰል ፈሳሽ አንጸባርቆ፣ ጉንዳን ከተሰለፈ በኋላ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው።

“የባክቴሪያ ፕሮቲን ሁሉ አንድ ነው” የሚሉም አሉ። አባ ጨጓሬን በአንጀቱ በኩል የሚገድለው የባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ፕሮቲን ክሽክሽን እምብዛም አይነካም። በሌላ በኩል፣ በክሽክሹ አካል ውስጥ ኑሮውን የመሠረተው ቡክኔራ የተባለ ባክቴሪያ የሚሠራውን ግሮኤል የተባለ ፕሮቲን ተክሎች ለይተው እንደሚያውቁትና ለመከላከል እንደሚነሡ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለተባዩ ሕይወት የሆነው ባክቴሪያ ራሱ ያጋልጠዋል ማለት ነው። ይህ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ግኝት ነው፤ ሆኖም ከቤተ ሙከራ እስከ ማሳ ያለው መንገድ ረጅም ነው።

ውኃውን ችላ ማለትም ጉዳት አለው። ክሎሪን ፕሮቲንን ስለሚያበላሽ፣ የቧንቧ ውኃ በቀጥታ ከመጠቀም ክሎሪን የሌለበትን መምረጥ ይሻላል። የተበጠበጠውን አሳድሮ መርጨት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ዩሪያ ማብዛትም እንዲሁ። ናይትሮጅን የበዛበት ለምለም ቅጠል ለክሽክሽ ድግስ ነው፤ በአንድ እጅ መከላከያ እየቀሰቀሱ በሌላው ተባዩን መቀለብ ይሆናል።

ከቫይረስ ያድናል ብሎ መተማመንም አደገኛ ነው። የድንች ዋይ ቫይረስን ክሽክሹ የሚያስተላልፈው ቅጠሉን ለመቅመስ አንዴ ሲወጋ፣ በሴኮንዶች ውስጥ ነው፤ የመምጠጥ ችግር ይህን አያስቆመውም። ስለዚህ ድንች አምራች ንጹሕ ዘር መምረጡንና የታመመውን ተክል መንቀሉን መተው የለበትም።

የመጨረሻው፣ ያልተረጨ መስመር አለመተው ነው። ከባድ ዝናብ ብቻውን ክሽክሽን ከቅጠል ያራግፋል፤ ያለ ማነጻጸሪያ ግን ምስጋናው ለጠርሙሱ ይሆናል። ከተረጨውም ካልተረጨውም እኩል ቁጥር ያላቸው ተክሎች ይምረጡና በየሳምንቱ የቅጠሉን ጀርባ በማጉያ መነጽር እያዩ ይቁጠሩ። ያበጡ፣ የገለባ ቀለም የያዙ፣ አንዳንዶቹም ጀርባቸው ላይ ክብ ቀዳዳ ያለባቸው ክሽክሾች ካገኙ፣ ጥቃቅን ተርቦች ውስጣቸው እንቁላል ጥለው የጨረሷቸው ናቸው። እነዚህ በሁለቱም መስመር እኩል ከበዙ ሥራው የተርቦቹ ነው፤ ተርቦቹን የሚፈጅ ኬሚካል ወደዚያ ማሳ አያስገቡ።