ከቄራ ተረፈ ምርት ለጤና ጠቃሚ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ሲወጣ የሚሠሩ ስህተቶች

ደም፣ አጥንት፣ ጅማትና የቆዳ ቁርጥራጭ በፕሮቲን የበለጸጉ ናቸው። ፕሮቲኑ በኢንዛይም ሲቆራረጥ ኦክሳይድ መሆንን የሚከላከሉ፣ ወይም የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገውን ኤሲኢ የተባለ የሰውነት ኢንዛይም የሚገቱ ፔፕታይዶች ይገኛሉ። ሥራው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኢንዛይሙ ገና ሳይጨመር ነው።

ደሙን እንደ ቆሻሻ መሰብሰብ፦ ወለል የነካ ደም ለምግብ አይሆንም። ቱቦ ባለው ቢላ በቀጥታ ወደ ንጹሕ ዝግ ዕቃ ይቀዳ። እንዳይረጋ በአንድ ሊትር ደም ከ3 እስከ 5 ግራም ሶዲየም ሲትሬት በውሃ ሟሙቶ ቀድሞ ዕቃው ውስጥ ይጠብቀው፤ ዘግይቶ ቢጨመር የረጋውን አይመልስም። ከዚያ ወዲያው ወደ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ማቀዝቀዝ ነው። በረዶ እንዲሆን ግን አይተዉት፦ ቀይ ሕዋሳቱ ይፈነዱና ሄሞግሎቢኑ ፕላዝማውን ያቀላዋል፤ በማሽከርከር የሚለየው ማሽን፣ ሴንትሪፉጅም፣ አይለየውም። የብዙ ከብት ደም በአንድ ጋን ማጠራቀምም አያዋጣም፤ አንዱ በምርመራ ቢወድቅ ሁሉም ይደፋል።

የከብት አንጎልና ሕብለ ሰረሰርን ከአጥንቱ ጋር መፍጨት፦ የእብድ ላም በሽታ መንስኤ የሆነው ፕሪዮን በተለመደው ማፍላት አይጠፋም። ከመነሻው ተለይተው ይወገዱ።

ስቡን ሳያወጡ መተው፦ ይሻግታል፣ ማጣሪያውንም ይደፍናል።

ኢንዛይሙን በሰዓት ብቻ መምራት፦ ፕሮቲን ቆራጩ ኢንዛይም አልካሌዝ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 8 እና 55 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ይሠራል። ፕሮቲኑ በተቆረጠ ቁጥር ፒኤቹ ስለሚወርድ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መመለስ አለበት። «ሲቆይ ይሻላል» ብለው ሌሊቱን ሙሉ የሚተዉት ሰዎች የሚያገኙት ምሬት ነው፤ ውሃ የሚሸሹ አሚኖ አሲዶች የተጋለጡባቸው ፔፕታይዶች መራራ ናቸው። የተፈለገው ፔፕታይድ ራሱም ተቆርጦ ሊጠፋ ይችላል። በየ30 ደቂቃው ናሙና እየወሰዱ የመቆራረጡን ደረጃና የፔፕታይዱን ኃይል (ለምሳሌ ኤሲኢን የመግታት አቅሙን) ጎን ለጎን ይለኩ፤ ኃይሉ ከፍ ባለበት ጊዜ በ90 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ አሙቀው ያቁሙት። ኢንዛይሙ ካልቆመ ውሃውን በሚያተነው ማሽን ውስጥም መቁረጡን ስለሚቀጥል የዛሬው ምርት ከትናንቱ አይገጥምም።

ጨዉን መርሳት፦ የተጨመረው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ገለልተኛ ሲደረግ የገበታ ጨው ይሆናል። ለደም ግፊት የታሰበ ዱቄት ጨዋማ ሆኖ መውጣቱ ያስቃል፤ በናኖፊልትሬሽን (ጨዉን አሳልፎ ፔፕታይዱን በሚያስቀር እጅግ ረቂቅ ማጣሪያ) መቀነስ ይቻላል።

የቤተ ሙከራ ውጤትን እንደ ፈውስ መሸጥ፦ በብልቃጥ ኤሲኢን የገታ ፔፕታይድ ጨጓራና አንጀት ውስጥ ሊፈርስ ይችላል። ቢያንስ በጨጓራና በቆሽት የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች፣ በፔፕሲንና በፓንክሪያቲን፣ አሳልፈው ደግመው ይለኩት፤ ማሸጊያው ላይ «ግፊት ይቀንሳል» ብሎ ለመጻፍ ደግሞ በሰው ላይ የተደረገ ሙከራ ያስፈልጋል።