ሌብል ፕሪንተሬ ባዶ ወረቀት ሲተፋ

ሁለት ቀን ሙሉ የሌብል ፕሪንተሬ ባዶ ወረቀት ሲተፋብኝ ነበር። ማሽኑ ይበራል፣ ወረቀቱም ይሄዳል፣ ጽሑፍ ግን የለም። የጀመረው አዲስ ጥቅል ካስገባሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ግን ልብ አላልኩም።

ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ምንም። ዳርክነስ የሚለውን የጽሑፍ ጥቁረት ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩ (በሙቀት የሚያትመውን ክፍል፣ ማለትም ፕሪንት ሄዱን፣ ቶሎ ስለሚጨርስ እናንተ አትሞክሩት)። ፕሪንት ሄዱን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠረግኩ። አሁንም ባዶ።

በመጨረሻ ሌብሉን በጥፍሬ ጫር አደረግኩት። የዳይሬክት ተርማል ወረቀት ሲጫር ይጠቁራል፣ ምክንያቱም በሙቀት የሚጠቁረው ኬሚካል እዛው ወረቀቱ ላይ ተቀብቷል። የኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ለካ የገዛሁት የተርማል ትራንስፈር ወረቀት ነው፣ ያለ ሪበን (ቀለም የተቀባ ስስ ጥቅል) አንዲት ፊደል አያወጣም!

ደግነቱ ፕሪንተሬ ሁለቱንም ይሠራል። የሰም ሪበን አስገባሁ፣ ሴቲንጉንም ወደ ተርማል ትራንስፈር ቀየርኩ። እንደገና ባዶ። ሪበኑ ላይ ስኮች ለጥፌ ሳነሳው ቀለም የለቀቀው በላይኛው ፊት በኩል ነው፤ ያ ፊት ደግሞ ወረቀቱን መንካት ነበረበት። የሪበኑን ጥቅል ገልብጬ ሳስገባው ጥርት ብሎ ወጣ።

ፀሐይ ወይም ሙቀት ለሚያገኘው ዕቃ እንዲያውም ይሄኛው ባለ ሪበኑ ይሻላል፣ ዳይሬክት ተርማሉ ይበላሻል። ቶሎ ለሚጣል ሌብል ግን ሪበን መግዛት ትርፍ ወጪ ነው።