ሄልሜት አውልቆ ጠመኔ ማንሳት፦ ኢንጂነር መምህር ሲሆን የሚሠራቸው ስህተቶች

ስድስት ዓመት ሳይት ላይ ከሠራሁ በኋላ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር ሆንኩ። ከታች ያሉትን ስህተቶች አንድም ሳላስቀር ሠርቻቸዋለሁ።

"ገባችሁ?" ብሎ መጠየቅ። የሁሉም አውራ ይሄ ነው። ቶርክን፣ ማለትም ኃይል አንድን ነገር የማዞር አቅሙን፣ በፎርሙላ ጀመርኩ። ሰሌዳውን ሞላሁትና ዞር ብዬ "ገባችሁ?" አልኩ። "ገብቶናል ቲቸር!" አሉ በአንድ ድምፅ። በማግስቱ አጭር ፈተና ስሰጥ ግማሹ ክፍል ባዶ ወረቀት መለሰልኝ። ለካ "ገብቶናል" ማለት "ቶሎ ልቀቀን" ማለት ኖሯል።

አሁን አንዱን አስነሥቼ በሩን ማጠፊያው አጠገብ በአንድ ጣት እንዲገፋው አደርጋለሁ። በሩ ንቅንቅ አይልም፣ ክፍሉ ይስቃል። ቀጥሎ እጀታው ጋ ሲገፋው ወለል ብሎ ይከፈታል። "ለምን?" እልና ዝም እላለሁ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ፤ ኢንጂነር መልስ እያወቀ አፉን መያዝ አልለመደም። ፎርሙላው ሰሌዳ ላይ የሚወጣው እነሱ "ከማጠፊያው ስለራቀ ነዋ" ካሉ በኋላ ነው።

መስመር መዝለል። ለእኛ ሁለት መስመር አልጀብራ ምንም አይደለም። እነሱ ግን የሚጠፋባቸው እዚያው ላይ ነው። በዚያ ላይ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄውን መጀመሪያ በአማርኛ አስነግሯቸው፤ ብዙ ጊዜ ያልገባቸው ፊዚክሱ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ነው።

እንደ ፎርማን መጮህ። ሳይት ላይ ካልጮኻችሁ ሚክሰሩ ድምፃችሁን ይውጠዋል። ክፍል ውስጥ ከጮኻችሁ ደግሞ በሁለት ሳምንት ቅጽል ስም ይወጣላችኋል። የእኔን አልነግራችሁም።

ዲግሪዬ ይበቃል ማለት። ፒጂዲቲ፣ ማለትም የማስተማር ዲፕሎማው፣ የወረቀት ጣጣ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሌሰን ፕላን እንዴት እንደሚጻፍ ከጎኔ ከሚያስተምሩ አንጋፋ መምህር ስለምን ከረምኩ። ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ስለ ዲፕሎማው ጠይቁ። ስለ ደሞዙም ቤት ውስጥ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የሳይት አበል የለም።

ተማሪውን ሰነፍ ብሎ መፈረጅ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል፣ እኔም ሻይ ይዤ "የዘንድሮ ተማሪ!" ካሉት አንዱ ነበርኩ። ከዚያ 60 ልጅ ያለበት ክፍል ገባሁ። ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው። አካፍሉት፤ ለአንድ ልጅ 40 ሰከንድ ይደርሰዋል፣ አቴንዳንሱን ሳንቆጥር።